የመዘገብናቸውና የምንጽፍላቸው

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ሥርዓት አለው። አሮጌው በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገቢ ይደረጋል፤ አዲሱ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ የመብራት ገመዱ ሳይቀር ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይፈረምበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ማውስ የጠፋበት ሰው ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል። ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግን፣ ማለትም የዓመታት ደብዳቤና የሰው አድራሻ፣ ሞዴል የለውም። ቢጠፋ የሚጠየቅ የለም፤ ቢገኝም የሚፈርምለት የለም።

ለዚህ ነው የአዲስ ኮምፒውተር ደስታ ዕድሜው የሚያጥረው። ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት ቢሮው በሙሉ ይሰበሰባል። «እንኳን ደስ አለዎት!» «ይህማ ቡና ያስፈልገዋል!» ይባላል። ባለ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ላስቲክ ማንም እንዳይነካበት ያስጠነቅቃል፤ ላስቲኳም እስከ ጡረታው አብራው ትኖራለች። ከምሳ በኋላ ግን ድምፁ ይለወጣል። «ኢሜይሌስ የታለ?»

በእኛ ቢሮ ጥያቄውን ያነሱት የግዥ ክፍሉ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ጋሼ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ አይጠፋም። ጥያቄውን የተቀበለው ደግሞ የአይቲው ልጅ ነው። የአይቲው ልጅ የሁለት ልጆች አባት ቢሆንም የአይቲ ልጅነቱን ገና አልጨረሰም።

«ኢሜይሌን እኮ እኔ ራሴ ይዤዋለሁ፤ ለማንም አላስቸገርኩም» አሉ ጋሼ፣ ከደረት ኪሳቸው ፍላሽ አውጥተው። ልጁ ሰካውና ከፈተው። ዴስክቶፑ ላይ የነበረችው የኢሜይል ፕሮግራሟ ምልክት ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ አቋራጭዋ ናት።»

«አዎ፣ እሷን ነው የምነካት፤ ስነካት ይከፈታል።»

«ሁለት ኪሎባይት ናት።»

«ትንሽ ነው እንዴ?»

የጋሼ ደብዳቤዎች ሁለት ጊጋባይት አልፈዋል። ልጁ ግን ለመንገር አልጨከነም።

እዚህ ላይ ሰው በሁለት እንደሚከፈል ማወቅ ያሻል። አንደኛው ኢሜይሉን በብራውዘር ከፍቶ የሚያነብ ነው፤ ለእሱ አዲስ ኮምፒውተር ማለት አዲስ ወንበር ማለት ነው፤ ተቀምጦ ይቀጥላል። ሁለተኛው እንደ ጋሼ ኮምፒውተሩ ላይ በተጫነ ፕሮግራም፣ በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ፣ የሚሠራ ነው። የእሱ ደብዳቤ የት እንዳለ የሚወሰነው ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲስተካከል በተመረጠች አንዲት ምርጫ ነው፤ ፖፕ ወይስ አይማፕ።

ፖፕ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ደብዳቤውን ከሰርቨሩ ያወርድና፣ ቅጂ ተው ካልተባለ በቀር፣ ሰርቨሩን ባዶ አድርጎት ይሄዳል። አይማፕን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ክሪስፒን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ እሱ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ኮምፒውተሩን ማሳያ ብቻ ያደርገዋል። እንግዲህ ኢንተርኔት አገራችን ሲገባ ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነበር። መስመሩ የስልክ መስመር ነው፤ ሞደሙ ይጮኻል፤ ደቂቃው ይቆጠራል። በዚያ ዘመን ደብዳቤን መስመር ላይ ሆኖ ማንበብ ታክሲ አቁሞ ወሬ እንደ ማውራት ነበር። ብልህ ሰው ይገናኛል፣ ደብዳቤውን ይነጥቃል፣ መስመሩን ይዘጋል፣ ከዚያ ተረጋግቶ ያነባል። የጋሼ ፕሮግራም በዚያ ዘመን ብልሃት የተስተካከለ ነው። ከዚያ ወዲህ ብሮድባንድ መጣ፣ ፋይበር መጣ፤ የተስተካከለውን ግን ማንም አልነካውም። «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚለው የቢሮ ሕግ ከመመሪያ ሁሉ ይበልጥ ይከበራልና።

ስለዚህ የጋሼ ደብዳቤ ሰርቨር ላይ የለም። ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ፒ.ኤስ.ቲ. የሚባል አንድ የአውትሉክ ፋይል ውስጥ ነው። ይህ ፋይል ሁሉን ዋጥ አድርጎ የሚይዝ ነው፤ የገባው ደብዳቤ፣ የተላከው፣ የቀጠሮ መዝገቡ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። እስከ አውትሉክ 2002 ድረስ ሁለት ጊጋባይት ላይ ሲደርስ አልችልም ይል ነበር፤ ከ2003ቱ ዕትም ወዲህ 20፣ ከ2010ሩ ወዲህ ደግሞ 50 ጊጋባይት ድረስ ሆዱ ሰፍቷል። ችግሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በቀድሞዎቹ ዕትሞች የሚቀመጠው በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ «ማይ ዶክመንትስ»ንና ዴስክቶፕን ቀድቶ «ጨረስኩ» የሚል ሰው ልጆቹን ፎቶ አንስቶ ቤቱ ጥሏቸው ይሄዳል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ የአይቲው ልጅ የተደበቀውን አሳይ ብሎ አዘዘ፤ ፋይሉን አገኘው፤ በኤክስተርናል ቀዳው። አሮጌውም ኮምፒውተር በሞዴል 19 ተሸኘ።

ደብዳቤው በዚህ አለቀ። ቀጥሎ የመጣው ሴቲንጉ ነው። ፒ.ኤስ.ቲ. ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል እንጂ የሰርቨሩን ስም፣ የፖርቱን ቁጥርና ፓስዎርዱን ይዞ አይመጣም። እነሱን እንደገና መሙላት ግድ ነው። ገቢው በፖፕ ከሆነ ድሮ 110 ነበር፣ አሁን ተመስጥሮ 995 ነው፤ በአይማፕ ከሆነ ድሮ 143፣ አሁን 993፤ ወጪው ድሮ 25፣ አሁን 587 ወይም 465። ልጁ ይህን ሲናገር ጋሼ አጀንዳቸው ላይ እየጻፉ ነበር።

«991 ፖሊስ ነው» አሉ። «993 የማን ነው ያልከኝ?»

«የገቢ ደብዳቤ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ብደውል ያነሳል?»

ከዚያ ፓስዎርዱ ተጠየቀ። ፓስዎርድ የሚታወሰው ሲጠየቁ ነው፤ የጋሼ ፕሮግራም ደግሞ «አስታውስልኝ» የሚለው ሳጥን ምልክት ስለተደረገበት ጠይቋቸው አያውቅም። ማሽኑ ሲያስታውስ ሰው ይረሳል፤ ማሽኑ ሲለወጥ የሚያስታውስ ይጠፋል።

«አሮጌው ላይ እኮ ተጽፎ ነበር» አሉ ጋሼ።

«እዚያ የሚታየው ነጥብ ነጥብ ነው፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ነጥብ ነው። ስምንት ነጥብ። በል ስምንቱን ነጥብ አስገባው።»

ልጁ በትሕትና ሞከረው። ሽማግሌ ሲያዝ እንቢ አይባልም። ሰርቨሩ ግን ማንንም ስለማያከብር እንቢ አለ። በመጨረሻ የሰርቨሩ ኃላፊ ተደውሎለት አዲስ ፓስዎርድ ተሰጠ፤ ጋሼም በወረቀት ጽፈው፣ ሰው እንዳያየው አጥፈው፣ ስክሪኑ ጀርባ ለጠፉት። ላስቲኩ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ፤ ጥንቃቄ ነው።

ቀጥሎ አድራሻ። የአድራሻ መዝገቡ ዱሮ ለብቻው ወደ ሲ.ኤስ.ቪ. ፋይል ወጥቶ ስለነበር፣ ልጁ እሱን መልሶ ያስገባ ጀመር። እዚህ ላይ የፈረንጅ ፕሮግራምና የሐበሻ ስም ተገናኙ።

ፕሮግራሙ ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ የራስ ስም፣ ሌላው የቤተሰብ ስም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የአባት ስም ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቤተሰብ ስም ደርድር ሲባል ልጆቹን ትቶ አባቶቹን አሰለፋቸው። የወረቀት አቅራቢውን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አባቱ ማን እንደሆኑ ማጣራት አለበት። በዚያ ላይ ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ማንንም አንቱ ሳይሉ አይመዘግቡም። በራስ ስም ሳጥን ውስጥ «አቶ» ብለው ስለጻፉ፣ በፕሮግራሙ ዓይን የአገሩ ወንድ ግማሹ ስሙ አቶ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ዶክትሬቱን ሲይዝ ጋሼ አክብረው እንደገና መዝግበውታል፤ ስለዚህ አቶው አንድ ሰው፣ ዶክተሩ ሌላ ሰው ሆነው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ኢምፖርቱ መሐል ላይ መብራት ሄዶ እንደገና በመጀመሩ ደግሞ ግማሹ ሕዝብ መንታ ሆኖ ተወለደ።

ይህ ሁሉ የሆነው በላቲን ፊደል በተጻፉት ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፉት ጉዳቸው ሌላ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩ.ቲ.ኤፍ-8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ይህን ካላወቀ ሦስቱን ባይት ሦስት ምልክት አድርጎ ይጽፋቸዋል። የሦስቱም መጀመሪያ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ማንኛውንም ፊደል ብትወስዱ፣ አንድ ዓይነት ነው፤ አናቷ ላይ ጭረት ያላት የላቲን «ኤ»። ልጁ ፋይሉን በኤክሴል ሲከፍተው ባለ አራት ፊደሉ ሰው አሥራ ሁለት ምልክት ተሸክሞ መጣ፤ ዋና ዳይሬክተሩም፣ ዘበኛውም፣ ሻይ የምታፈላውም በዚያችው ባለ ጭረት «ኤ» ጀምረው ተሰለፉ። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ እንዲህ ያለ እኩልነት ታይቶ አያውቅም። ልጁ ግን አልወደደውም፤ ፋይሉን ዩ.ቲ.ኤፍ-8 ነህ ብሎ እንደገና ከፈተውና እያንዳንዱን ወደ ደረጃው መለሰው።

እንግዲህ መዝገቡ ገባ። ጋሼ ተደላድለው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ለገንዘብ ክፍሏ እትዬ ሊጽፉ ስሟን ጀመሩ። ድሮ ሁለት ፊደል ሲነኩ ፕሮግራሙ ሙሉውን አድራሻ ከሥር ያወጣላቸው ነበር። አሁን ሁለት ፊደል ነኩ፤ ምንም። ሦስተኛ ጨመሩ፤ ምንም። የወረቀት አቅራቢውን ሞከሩ፤ የለም። ሜሪላንድ ያለችውን እህታቸውን ሞከሩ፤ የለችም።

«አንተ ልጅ! ሰዎቼን የት አደረግሃቸው?»

«መዝገብዎ ላይ ያሉት በሙሉ ገብተዋል፣ ጋሼ። አንድም አልቀረም።»

እውነቱን ነው። መዝገቡ ላይ ያሉት በሙሉ ገብተዋል። ግን መዝገቡ ላይ ያሉት እነማን ናቸው? ልጁ ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያሸብልል እኔም ትከሻው ላይ ሆኜ አየሁ። አዳማ ላይ በተደረገ ሥልጠና ቢዝነስ ካርድ የተለዋወጧቸው ሰዎች አሉ። ሐዋሳ በነበረ ዐውደ ጥናት ከአንድ ጠረጴዛ ምሳ የበሉ አሉ። የታጠፈ ፕሮጀክት አስተባባሪዎች አሉ። ስልካቸው ባለ 6 አሃዝ የሆነ፣ ማለትም በ1998 ዓ.ም. ቁጥሩ ከመርዘሙ በፊት ተመዝግበው የቀሩ አሉ። ነፍስ ይማር የሚባሉም አሉ። ሁሉም ከነማዕረጋቸው፣ ከነመሥሪያ ቤታቸው፣ ከነፖስታ ሣጥን ቁጥራቸው በክብር ተጽፈዋል። ጋሼ ለአንዳቸውም ጽፈው አያውቁም።

በየቀኑ የሚጽፉላቸው ሰዎች የነበሩት ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ ከሥር የሚያወጣው ስም ከአድራሻ መዝገቡ የሚመጣ ይመስላል፤ በአብዛኛው ግን አይደለም። የላክንለትን አድራሻ ሁሉ ፕሮግራሙ ራሱ እየለቀመ ለብቻው የሚይዝበት ማስታወሻ አለው። አውትሉክ እስከ 2007ቱ ዕትም ድረስ ይህን ያስቀምጥ የነበረው መጨረሻው ኤን.ኬ.2 በሚል ፋይል ውስጥ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ቦታው ተለውጧል። የአድራሻ መዝገቡን ወደ ሲ.ኤስ.ቪ. ሲያወጡት ይህ ማስታወሻ አብሮ አይወጣም። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ስለ እሱ አያውቅም፤ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ጸሐፊ ነው። መኖሩ የሚታወቀው በሌለበት ቀን ነው።

«አላስመዘገቧቸውም እኮ፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «በየቀኑ የማገኘውን ሰው ምን ብዬ ልመዝግበው? እህትስ ትመዘገባለች እንዴ?»

እኔ ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም፤ ልጁም አላገኘለትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የምንመዘግበው እንዳይጠፋብን የምንፈራውን ሰው ነው። ባለ ካርዱን፣ ባለ ማዕረጉን፣ «አንድ ቀን ያስፈልገኛል» የምንለውን። ያ አንድ ቀን አይመጣም። የማይጠፋብንን ሰው ግን አንመዘግብም፤ ሁልጊዜ አለና፤ ሁለት ፊደል ስንነካ ከተፍ ይላልና። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲቀየር የመዘገብናቸውን፣ የማንጽፍላቸውን፣ አንድ ሳናጎድል ተሸክመን እንሻገራለን፤ የምንጽፍላቸውን፣ ያልመዘገብናቸውን፣ ወዲያ ማዶ ጥለናቸው እንመጣለን። ጥፋቱ የኮምፒውተር አይደለም። እሱ ያልነውን ነው ያደረገው።

ጋሼ ወደ ንብረት ክፍል ወረዱ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ለአፍታ ይከፈትልኝ ብለው። የንብረት ክፍሉ ሹም በክብር ተቀበሏቸው፤ ወንበር ሳቡላቸው፤ ቀጥለውም ገቢ የሆነ ንብረት ያለ ጥያቄ እንደማይነካ አስረዱ።

«እሺ፣ በምን ልጠይቅ?»

«በኢሜይል ይላኩልኝ።»

ጋሼ ወደ ቢሮ ተመልሰው ተቀመጡ፤ የሹሙን ስም ሁለት ፊደል ጻፉ። ምንም። የሹሙ አድራሻ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከልጁ ነው። እንዲህ ለደረሰበት ሰው ሁሉ ስለሚጠቅም ጠጋ ብላችሁ እዩት። አሮጌው ኮምፒውተር አላስፈለገም። ፒ.ኤስ.ቲ.ው ደብዳቤውን ሁሉ ይዞ መጥቷል ብለናል፤ የተላኩትም እዚያው ውስጥ ናቸው። ልጁ «የተላኩ» የሚለውን ፎልደር ከፈተው፤ በተቀባይ ስም ደረደረው። ያኔ የጋሼ ሰዎች አንድ ባንድ ብቅ አሉ። ደብዳቤውን ይከፍታል፤ አድራሻው ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ይጫናል፤ «ወደ አድራሻ መዝገብ ጨምር» የሚለውን ይመርጣል። አለቀ። ምንም ጥበብ የለበትም፤ ትዕግሥት ብቻ።

ይህ ፎልደር ግን ሳይጠየቅ የሚናገር ምስክር ነው። ገንዘብ ክፍሏ እትዬ ወጣች፤ ደብዳቤው ሁሉ ስለ ውሎ አበል ነው። የወረቀት አቅራቢው ወጣ፤ ስሙ ያለ «አቶ» ነበር፤ ጋሼ ደነገጡና አስተካከሉት። እህታቸው ወጣች፤ ለሷ የተጻፈው ሁሉ «ደኅና ነን» ብሎ ይጀምርና ሦስት ገጽ ይቀጥላል። የንብረት ክፍሉ ሹምም ወጡ፤ ቶነር ከመጠየቅ በቀር ሌላ ጉዳይ የላቸውም። ከሁሉም በላይ ብዙ የተጻፈለት ግን የአይቲው ልጅ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

«እስቲ ምን ብዬህ ነው?» አሉ ጋሼ።

ልጁ የመጀመሪያውን ከፈተ። «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ሁለተኛውን ከፈተ። «አሁንም ኢንተርኔት የለም።» ሦስተኛው፣ «ኢንተርኔት እንደሌለ በጽሑፍ ብገልጽም እስካሁን መልስ አልተሰጠኝም።» ደብዳቤዎቹ ሁሉ ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ድረስ መውጫው ላይ ቆመው ጠብቀው፣ ሲመለስ ተያይዘው ተልከዋል። ለልጁ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ክስ የሚደርሰው ሁልጊዜ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባው።

አዲሱ መዝገብ አጭር ሆነ፤ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ የታወቀ ሰው ነው። ልጁ ይህን አይቶ አሮጌውን መዝገብ፣ ያን ባለ ማዕረጉን፣ መንታውን፣ ባለ ስድስት አሃዙን፣ ልሰርዘው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጊዜ የሚወስኑ ሰው አይደሉም፤ ግዥ ክፍል ናቸው። መጀመሪያ ይጣራ አሉ። ለሁሉም አንድ ደብዳቤ ጻፉ፦ «ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። ይህ አድራሻዎ እስከ ዛሬ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል ስለሆነ፣ ሲደርስዎ በመልስ ቢያሳውቁኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።» ላኩትና ቡናቸውን ሊጠጡ ወጡ።

ሲመለሱ ሳጥኑ ሞልቷል። ፊታቸው በራ። ወደ ልጁ ዞረው በኩራት ጠሩት።

«ና እስቲ፣ ይሄን እይ! ሜይለር ዴመን የሚባለው የየትኛው መሥሪያ ቤት ሰው ነው?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም፤ ሰርቨሩ ነው። ደብዳቤዎ ባለቤቱን አላገኘም እያለዎት ነው።»

ጋሼ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሜይለር ዴመን፣ ሜይለር ዴመን፣ ሜይለር ዴመን።

«የሆነው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዘመን በክብር ካስቀመጥኳቸው ሰዎች መልስ የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው። በል መዝግበው። አቶ ሜይለር፤ የአባት ስም ዴመን።»